ዊካ ሳሎኔ ገባ

ልጄን ወልጄ ገና ክርስትና እንኳ አላስነሳሁትም። የወንድሜ ልጅ ሳሮን፣ እዚሁ ዳላስ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ፣ ልታግዘኝ ዳላስ አጠገብ ሜስኪት ያለው ቤቴ መጥታለች። ሶ ሕፃኑን ለሷ ትቼ ዳይፐር ልገዛ ወጣሁ። ተመልሼ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ በሩን ብከፍት፣ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ሻማ በአራቱም ማዕዘን በርቷል፣ ምንጣፌ ላይ ጨው በክብ ተነስንሷል። እሷ መሃሉ ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ ቢላዋ ይዛ ቆማለች! ልጄስ? ሮጬ መኝታ ቤት ብገባ አልጋው ላይ ተኝቷል።

«ምን እየሠራሽ ነው?» ብዬ ሳሎን ተመልሼ ጮህኩባት።

«ኦንቲ፣ ዊካ እየተማርኩ ነው፣ ከኢንተርኔት። ቢጊነር ነኝ።»

«ዊካ ደግሞ ምንድነው?»

«ማለቴ... ጠንቋይ። ግን ጥሩ ጠንቋይ። ለቤቢ ፕሮቴክሽን እያደረግኩ ነው።»

በስመአብ! ጸበል አንስቼ ፊቷ ላይ ረጨሁባት። ትቆጣለች ስል ጭራሽ ፈገግ አለች።

«ዋው፣ አንቺም በውሃ ታደርጊያለሽ?»

«ዝም በይ! ይሄን ቢላዋ ከየት አመጣሽው?»

«ከቤቢ ፍራሽ ስር። አንቺ አይደለሽ ያስቀመጥሽው? ለማሚ ያልነገርኳትን ላንቺ የነገርኩሽ እኮ እንደኔ መስለሽኝ ነው።»

እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ክፉ መንፈስ እንዳይቀርበው» ብላ ያስደረገችኝ ቢላዋ ነው። ከእጇ መንጭቄ፣ እያማተብኩ ሄድኩና፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ፣ እዚያው ፍራሹ ስር መለስኩት።