የሩታ ፎቶ በትልቁ

ጋሼ ምንይሉ ሲኒማ ራስ አጠገብ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ፎቅ ደረጃ ላይ ትንፋሻቸውን ሊሰበስቡ ቆመው ሳለ፣ «ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?» የሚል ድምፅ ሰሙ። ቀና ሲሉ መቅደላዊት ናት፤ ኮሌጅ ገብታ ፎቶግራፍ የተማረችው የጎረቤታቸው ልጅ።

ጋሼ ምንይሉ ድሮ መሳለሚያ ፎቶ ቤት ነበራቸው። በጨለማው ክፍል፣ በቀይ መብራት ሥር፣ ነጭ ወረቀት ከኬሚካሉ ውስጥ ቀስ እያለ የሰው ፊት ሲያወጣ ማየት ከህልም አይለይም ነበር። በኋላ ወረቀቱም ኬሚካሉም ከገበያ ጠፉና ክፍሉ ተዘጋ። አሁን ደግሞ የባለቤታቸው የእትዬ በለጥሻቸው ዓይን እየደከመ ነው። በልጅነቷ የሞተችባቸውን የልጃቸውን የሩታን ትንሽ ፎቶ ወደ መስኮት እያስጠጉ፣ «ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ» ማለት ከጀመሩ ሰነበቱ።

«የሩታን ፎቶ ለበለጥሻቸው በትልቁ ላሳትምላት ብዬ ባነር ማተሚያ ቤት ብሰጥ፣ ልጄን አረንጓዴ አድርገው መለሱልኝ» አሉ ጋሼ። «ማሽን ጥቁርና ነጭ አያውቅም፣ መቅዲ።»

«ማሽን ሁሉ አንድ አይደለም። ያኛው ግራጫውን የሚሠራው ሌሎች ቀለሞችን ደባልቆ ነው፤ ትንሽ ከተዛባ መልክ ይለወጣል። ለእርስዎ የሚሆነው ከጥቁሩ ሌላ የራሱ ግራጫ ቀለም ያለው ፕሪንተር ነው።»

«እሱማ የሀብታም ዕቃ ነው። ታች ርካሽ አይቻለሁ።»

«ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፣ ጋሼ! ማሽኑን በርካሽ ይሸጡልዎትና ቀለሙ ያስለቅስዎታል። አስቀድመው የቀለሙን ዋጋ፣ ከዚያም የሚቀበለውን የወረቀት ስፋት ይጠይቁ። ያገለገለም ቢሆን ቀለም መርጫው ካልተደፈነ ይበቃዎታል። ብቻ ፊትዎ ሳያትም እንዳይገዙ።»

የለመደውን የሚወድ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አዲሱን ከተቀበለ አሮጌውን የከዳ ይመስለዋል። ጋሼም የደረጃውን ብረት ያዝ አድርገው፣ «እኔ እኮ ፊቷን ከውሃ ውስጥ በእጄ ነው ያወጣሁት። አሁን ቁልፍ ተጭኜ ላውጣት?» አሉ።

መቅደላዊት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፎቶውን ያነሳው የእርስዎ ዓይን ነው፤ እሱን ማሽን አይወስድብዎትም። ግን ወረቀቱ ተመልሶ እስኪመጣ የእትዬ ዓይን ይጠብቃል?»

ጋሼ የደረጃውን ብረት ለቀቁ።

በማግስቱ የሩታን ፎቶ ኔጋቲቭ ይዘው መጡ፤ መቅደላዊት በስካነር ወደ ኮምፒውተር አስገባችው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ሙስዓብ ባለ ግራጫ ቀለም ፕሪንተር ነበረው። የመጀመሪያው ሙከራ መስመሩ ተቆራርጦ ወጣ፤ ሙስዓብ መርጫውን አጥቦ ደገመው። ከዚያ ሰፊው ወረቀት ገባ። መጀመሪያ ፀጉሯ፣ ቀጥሎ ግንባሯ፣ ከዚያ ዓይኖቿ። ከአንዋር መስጊድ የአዛን ድምፅ ይሰማል፤ የመርካቶ ጫጫታ ወደ ሩቅ የሄደ መሰለ። ጉንጯ ላይ ያረፈው ግራጫ ፎቶውን ባነሱበት ቀን ከሰዓት በኋላ የነበረው ጥላ ራሱ ነበር።

«ተረታሁ፤ እገዛዋለሁ» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«ታዲያ ሥራ አያስፈቱት፤ ዝም ብሎ ከቆመ ቀለሙ ይደርቅበታል» አለች መቅደላዊት።

«ኧረ ሥራስ ሞልቶ! የመሳለሚያ ሰው ኔጋቲቭ ስንቱ እኔ ጋ አለ። እናቱን፣ ወንድሙን በትልቁ የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ። ለቀለሙ እያዋጣን በቤታችን እናትማለን፤ የሰውም መልክ አረንጓዴ አይሆንብንም።»

ቤት ሲደርሱ ፎቶውን እትዬ በለጥሻቸው ጭን ላይ ዘረጉት። እሳቸው ዝቅ ብለው አዩት፣ ራቅ አድርገውም አዩት።

«ፀጉሯን ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የሠራት?» አሉ በመጨረሻ።

«አንቺ ነሻ» አሉ ጋሼ ምንይሉ።