በእግሩ የሄደ የጽሕፈት መኪና

ሰርክአዲስ ሮማነወርቅን የበደለቻት በፈተናው ዕለት ጠዋት ነው። አሰበ ተፈሪ ካለው መሥሪያ ቤታቸው ለዋና ታይፒስትነት ሁለቱ ሊወዳደሩ ሲሉ፣ ሰርክአዲስ ቀድማ ገብታ የሮማነወርቅን ለስላሳ የጽሕፈት መኪና ወደ ራሷ ጠረጴዛ ወሰደች፤ የራሷን ግትር መኪና በቦታው ተከለችላት። ሮማነወርቅ አቤት ብትል ፈታኙ አቶ አጥናፉ፣ «መኪናው የመንግሥት ነው፤ የማንም አይደለም» ብለው ሰዓታቸውን አዩ። ሹመቱ የተለጠፈ ዕለት፣ ሰርክአዲስ አዲሱ ወንበሯ ላይ ሆና እየሰማች፣ ሮማነወርቅ ወደ መዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወደ መይሙና ዞረች።

«መይሙና፣ እንዴት ዋልሽ አቦ? ሂርና ያሉት እናትሽ ደኅና ናቸው? እሰይ...

እኔማ ይኸው ቁልፍ አወዳድራለሁ። ያ ለስላሳው ጣት ገና ሳያርፍበት ይወርዳል፤ ለሚቸኩል ሰው የተሠራ። ይኼ ደግሞ በጡጫ ካልሆነ አይሰማም፤ ቶሎ ቶሎ ሲመቱት ዘንጎቹ ይቆላለፉና መፈልቀቅ ነው። ግን አምስት ወረቀት በካርቦን ደርድረሽ ምቺበት፤ የመጨረሻዋ ቅጂ ቁልጭ! በለስላሳው እኔ ጣቴን አጠብቄ ነበር እስከ መጨረሻዋ ቅጂ የማሳልፈው። ፈጣን ሰው ለዚህ ምን ጊዜ አለው? ትናንት በለስላሳው ተመትታ ለመቻራ ቅርንጫፍ የሄደችው ቅጂ ነጭ ወረቀት ሆና ደረሰች አሉ... ነጭ ምን ክፋት አለው? ሰላም አይደል?

ፍጥነትማ ከተባለ እሷን ማን ያህላታል? ማለዳ መነሣቷስ! ጉልበቷስ! ያን የሚያህል ብረት ብቻዋን፣ ኮሽ ሳታደርግ... እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የጽሕፈት መኪና በአንድ ጠዋት ተነሥቶ ሲሄድ ግን ዘንድሮ አየሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉትስ ምነው እኛ ቢሮ ጎራ ባሉ? እንዴት አያደምቅም!

ኧረ እኔ ምን ከፋኝ? ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል የለቀምኩ ሴት፣ ፈተና ማለት የሚያውቁትን ማሳየት ብቻ ይመስለኝ ነበር... ለካ ዕቃ ማጓጓዝም አለበት!

እንግዲህ ሹመቷን ያጽናላት፣ ጣቷን ይባርክላት። አሜን በይ እንጂ መይሙና... የትም ብትዛወር፣ የትም ብትቀመጥ፣ እግዜር እንደ እሷ ያለ ባልደረባ አያሳጣት።»