ለጫጩቱ ሳጥን የተመረጠው ቦርድ

አቶ ደርበው ከዳንግላ ተነስተው በሚኒባስ ቆሰበር የገቡት ኮምፒውተር ሊገዙ ነበር። ዕድሜያቸውን በጋሪ ፈረስ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ በቅርቡ ግን የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን በእጃቸው ሠሩ። ሁለት ጊዜ ሞከሩት፤ ሁለቴም መብራት ጠፍቶ እንቁላሉ ቀዝቅዞ ቀረ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀጋነሽ፣ «ሦስተኛው ከተበላሸ መጥረቢያ አንስቼ ሳጥኑን ለማገዶ ነው የምፈልጠው» ብለዋል። እንደሚያደርጉትም አቶ ደርበው አይጠራጠሩም።

ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ የጎረቤታቸውን ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋን ምሥራቅን አገኟት።

«ጋሼ ደርበው! ምን እግር ጣለዎት?»

«የሳጥኔን ሙቀት የሚቆጣጠርልኝ ኮምፒውተር ፈልጌ ነዋ፤ ያንን ሁሉ ነገሩ አንድ ሰሌዳ ላይ ያለቀውን፣ ቦርድ የሚሉትን። ባለሱቁ ሁለት አሳየኝ። ትልቁን ከነስክሪኑ ልወስድ ነው።»

«ለምን ትልቁን?»

«ጉልበት አለዋ! ይህች ትንሿማ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ፀጋነሽ ብታያት በሳቅ ትሞታለች።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ሥራው ምንድን ነው? ሙቀቱን መለካት፣ ሳጥኑን የሚያሞቀውን አምፖል ማብራትና ማጥፋት። ለዚህ ትንሿ ትበቃለች፤ ያውም ተርፏት።»

«ነገ ካሜራ ልጨምርበት ብልስ?»

«ያኔ ትልቁ ይሻላል፤ አልዋሽዎትም። ግን መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በምን ሊያሞቁት ነው?»

«ሰሞኑን በገዛሁት የሶላር ባትሪ።»

«ቦርዱም አምፖሉም ከዚያው ባትሪ ነው የሚበሉት። ትልቁ ከነስክሪኑ የአምፖሉን ድርሻ ይሻማል። ለመሆኑ እርስዎ ፈረስ ሲገዙ መጀመሪያ ምን ይጠይቃሉ?»

አቶ ደርበው የሚበላውን ሳይጠይቁ የፈረስ ልጓም ጨብጠው አያውቁም። ጉልበት ብቻ አይተው ገዝተው በክረምት ገለባ ፍለጋ በሚንከራተቱ ጋሪ ነጂዎች ስንቴ ስቀዋል! ዛሬ በራሳቸው አፈሩ።

«ወይ ጉድ! ጉልበቱን ብቻ ነው የጠየቅሁት» አሉ። ትንሿን ገዙ፤ በተረፈው ገንዘብ ባትሪ ጨመሩ።

በሦስተኛው ሙከራ መብራት እንደ ልማዱ ሄደ። የሳጥኑ አምፖል ግን መብራት እስኪመጣ ሲበራና ሲጠፋ ቆየ። ቀኑ ሲደርስ ቤቱ በጫጩት ጩኸት ተሞላ።

ወሬውን የሰማ ውዱ የሚባል ሌላ ጎረቤታቸው መጣና፣ «ቦርዷ ምን ያህል ጉልበት አላት?» አለ።

«እሱን ተወው፤ መጀመሪያ ሥራህን እወቅ፣ ቀጥሎ ምን ያህል እንደምትበላ ጠይቅ። በሥራህ ልክ ከገዛህ ከኪስህም ይተርፍሃል፣ ከባትሪህም ይተርፍሃል» አሉት፣ ከምሥራቅ የተማሩትን ከሆዳቸው እንዳፈለቁት ሁሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ፀጋነሽ ከጓዳ ተጣሩ።

«ደርበው! መጥረቢያውን አምጣልኝ!»

አቶ ደርበው ክው አሉ። «ምነው፣ አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«እንጨት ልጠርብልህ ነዋ። አንድ ሳጥን ይበቃናል እንዴ?»