የኮፍያ መጥለፊያው መነጽር

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ የሰማሁት ነው፤ አንዳንዱን ቃል አሳስቼው ይሆናል፣ ሽማግሌው ከፊቴ ይሁን ከጎኔ ተቀምጠው እንደነበርም በእርግጠኝነት አላስታውስም። በእጃቸው የያዙትን መነጽር አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት እያሳዩ ይነጋገሩ ነበር።

«በዚህ የሶላት ኮፍያ ስጠልፍ መርፌዋ ቁልጭ ትልልኛለች። ግራና ከተማ ገበያ አድርጌው ብሄድ ግን የልጄን እጮኛ አባት ሰላም ሳልለው አለፍኩት።»

«ውይ! ምን አሉ?»

«‹ገና ሳንዛመድ ናቁን› ብሎ ኒካሁን ላስቀር ብሏል። ይኸው ይቅርታ ልጠይቀው ሲሪንቃ መሄዴ ነው።»

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ለቅርብ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ሲሆኑ ያውልቁት።»

«መርፌ ያየ ዓይን ሰውን የሚያክል ነገር እንዴት ይሰወረዋል?»

«ጥፋቱ የመነጽሩ ነው እንጂ የዓይንዎ አይደለም።»

«ተይኝ እስቲ ልጄ! ሳወልቀው መርፌዋ ትጠፋለች፣ ሳደርገው ሰውየው ይጠፋል። ይህን ብነግረው ያምነኛል?»

«አይንገሯቸው። መነጽሩን ያድርጉላቸውና ከደጅ የቆመው ማን እንደሆነ ይጠይቋቸው።»

«ለይቶ ቢያውቀውስ?»

«እንግዲህ... አላህ ያግዝዎ።»

እኔም ወልድያ ቤቴ ደርሼ የማንበቢያ መነጽሬን አድርጌ ወደ ግቢው በር ደጋግሜ ብመለከት፣ እዚያ የቆመችው ባለቤቴ ትሁን እህቷ መለየት አልቻልሁም።