የዘይነባ «አለኝ»

ይህቺ ልጅ ማንን ነው እንዲህ «አይ፣ አይ» የምትለው? እማማ ሲቲ ከጎረቤት ለቅሶ ተመልሰው በራቸው ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ይህንኑ ጠየቁ። ቤት ውስጥ ከልጅ ልጃቸው ከናጅዋ በቀር ማንም የለም። ትንሽ ታነብባለች፣ ቆም ትላለች፣ «አይ» ትላለች፤ ደግሞ ታነብባለች።

ጊዜው የ2014 ሰኔ ነው። መርሳ ከጦርነቱ በኋላ ገበያዋ ቢመለስላትም ሰዉ ገና በሩን በጊዜ ይዘጋል። ናጅዋ ወልድያ ካለ አንድ ኮሌጅ እንግሊዝኛና ጽሕፈት ታስተምራለች፤ ቅዳሜና እሁድን አያቷን ልትጠይቅ መምጣቷ ነበር።

«ያ ረቢ! ማን መጥቶብሽ ነው?» አሉ እየገቡ።

«ማንም የለም እመዬ፤ የተማሪዎቼን ጽሑፍ እያረምኩ ነው።»

«ታዲያ ‹አይ› የምትይው?»

ናጅዋ በሳቅ ፈረሰች። «በእንግሊዝኛ ‹እኔ› ማለት እኮ ነው! በእኛ ‹ሸሸሁ› ካልን በቃ፣ የሸሸው ማን እንደሆነ ይታወቃል። በእነሱ ግን ‹እኔ› ለብቻው ካልተጻፈ አይሆንም። ልጆቹ እየረሱት በየመስመሩ የማስገባላቸው እኔ ነኝ።»

«ለብቻው አቁመሽ?»

«ለብቻው፣ ያውም በትልቅ ፊደል።»

«ኧረ ሲያሳዝን!» አሉ እማማ ሲቲ። ያሳዘናቸው ፊደሉ ይሁን ‹እኔ› ባዩ ሰው አልተናገሩም። «ለመሆኑ የሸሸሁ ወሬ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ባለፈው ዓመት የደረሰባችሁን ጻፉ ብያቸው ነው።»

የአሮጊቷ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ወረቀቱን ሰብስበው ቦርሳው ውስጥ ከተቱና ቦርሳውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀመጡ።

«ለዚህ ነው ነገ የምትሄጂው? የሰው ቁስል ልትነካኪ? ወላሂ አትሄጂም! ጦርነቱ እንደገና ሊመጣ ነው እየተባለ፣ አንቺ ወልድያ ምን አለሽ?»

እማማ ሲቲን መውቀስ አይገባም። ባለፈው ነሐሴ ልጃቸው ዓሪፍ፣ የናጅዋ አጎት፣ ውርጌሳ ደርሼ ልምጣ ብሎ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ቤት ሊፈተሽ ነው ሲባልም መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ ፎቶግራፉን ሳይቀር እሳት ውስጥ የጨመሩት በገዛ እጃቸው ነው።

«እመዬ፣ ዝም ብለን ምን ተረፈን?» አለች ናጅዋ በለሰለሰ ድምፅ። «የጠፋ ሰው የሚመዘግቡ መጥተው መልኩን፣ ቁመቱን አሳዩን ቢሉን አንድ ወረቀት የለንም። ልጆቹ ሲጽፉ ቀኑም መንገዱም ይቀመጣል። በአማርኛ ስላቸው እንባ እየቀደማቸው ነው እንጂ! በሰው ቋንቋ ሲሆን ቃል እየፈለጉ፣ ቀስ እያሉ ይወጣላቸዋል።»

«በሰው ቋንቋ ማልቀስ ይከብዳላ!»

«እንደዚያ በሉት።»

«ለሁሉም ወጣላቸው?»

«አንዷ ተቀየመችኝ። ዘይነባ ትባላለች፣ የሐራ ልጅ። ዓርብ የክፍሏን ስመልስ ወረቀቷን አየችው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ጥላው ከክፍል ወጣች። ማርኩ አንሷት ይሆናል።»

እማማ ሲቲ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቁም። ናጅዋ የጠቆመቻቸውን የዘይነባን ወረቀት ከቦርሳው አስወጥተው ቀዩን መስመር በጣታቸው ነኩት። «ይሄስ?»

«ታሪኩን ሁሉ በኃላፊ ጊዜ ጽፋ መሃል ላይ ‹ወንድም አለኝ› አለች። ሰርዤ ‹ነበረኝ› አልኩት። ሕጉ ነው።»

«ወንድሟ የት ነው?»

«ሲሸሹ መንገድ ላይ ተለያዩ መሰለኝ...»

«ናጅዋ፣ ሰው ዓሪፍ የት ነው ሲለኝ ምን እላለሁ?»

«‹አለ› ይላሉ።»

«እሷን ‹ነበረኝ› በይ አልሻት።»

ናጅዋ አንገቷን ደፋች። የተማረው ሰው ሕጉን አውቆ ሰዉን የሚስትበት ጊዜ አለ፤ ያን ቀን የሆነው ይኸው ነው። ቀና ብላ፣ «ነገ ሄጄ ይቅርታ ካልጠየቅኋት ትምህርቱን ትተዋለች፤ በእኔ ምክንያት ሁለተኛ ብዕር አታነሳም» አለች።

እማማ ሲቲ ቦርሳውን ጠበቅ አደረጉት። ልጃቸው ከወጣበት በር ይህቺም ልትወጣ ነው። ከዚያ ግን እጃቸው ላላ።

«እንኪ፤ ሂጂ። አሁን ገብቶኛል፤ መጻፉ ደግ ነው። የጠፋበትን ሰው ስሙንም መንገዱንም በወረቀት ያኖረ አጋዥ ፈላጊ ያገኛል፤ አፉን የዘጋ ለብቻው ይቀራል። እኔ ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው ለብቻዬ። ብቻ አስተማሪ ከመሰረዙ በፊት ይጠይቅ።» ቀጥለውም፣ «የዓሪፍንም ጻፊልኝ» አሉ።

«በየትኛው ቋንቋ እመዬ?»

«በሁለቱም።»

ቁመቱን፣ የግራ ቅንድቡን ጠባሳ፣ ሰማያዊ ሹራቡን አንድ በአንድ ነገሯት። ናጅዋ ሁሉንም «አለው» እያለች ጻፈች።

«ጠዋት ስትወጪ ግን አትሰናበቺኝ» አሉ በመጨረሻ። «ዓሪፍ ተሰናብቶኝ ነው የወጣው።»

በማግሥቱ ማለዳ እማማ ሲቲ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደ ተኛ ሰው ተኙ። ናጅዋ ቦርሳዋን አንግታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ወጣች።