ወይን አገር ሄደሽ አልቀመስሽም?

ልጄ የምትኖረው ፈረንሳይ ነው። ዘንድሮ ጠራችኝና የወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ገጠር ወሰደችኝ። የድሮ ነገሥታትን ግንብ አየሁ፤ በወይን ተክሉ መሀል ተንሸራሸርኩ፤ ገበሬ ቤት ገብቼ የፍየል አይብ በላሁ። ካምፓላ ስመለስ ከአይቡ ይዤ እኛ ሰፈር ካንሳንጋ ወዳለው የጎረቤቴ የሐሊማ ሱቅ ሄድኩ። አይቡን በጣቷ ገፋ አደረገችና ደንበኞቿ ፊት፣ «መቼም እዚያ ድረስ ሄደሽ ወይኑን ሳትቀምሺ አልመጣሽም» አለችኝ።

ሁለታችንም ሙስሊም ነን፤ አልኮል በአፌ ዞሮ እንደማያውቅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ደሜ ፈላ። «ናካዋ ገበያ ስትነግጂ ሱቅሽ ከቢራ መጋዘን ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። ያኔ ጠጥተሻል ወይ ያለሽ ሰው አለ?» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። «ቀልዴን እኮ ነው» አለች። ይቅርታ ግን አልወጣትም። አሁን ስኳር እንኳ ሲያልቅብኝ የእሷን ሱቅ አልፌ ኪቡሊ ሰፈር ድረስ በቦዳ ሞተር ሄጄ እገዛለሁ።