ተቀምጠው የሚሰሙት ሙዚቃ

(ከሰዓት በኋላ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በተከራዩት አዳራሽ፣ በታንጎ ዜማዎቻቸው የታወቁት የሰማንያ አራት ዓመቱ ሻምበል ግዛቸውና የኮንሰርት ሥራቸውን የምታስቀዳላቸው የድሮ ተማሪያቸው ፒያኒስቷ ትርሲት፣ ሌሎቹ ሙዚቀኞች ምሳ በወጡበት ብቻቸውን ቀርተዋል።)

ግዛቸው፦ ነገርኩሽ እኮ ልጄ። የመጨረሻው ክፍል ይቅር። ሁለቱ ተቀድተዋል፣ ይበቃል። አሁን ታክሲ ጥሪልኝና ቤቴ ልግባ።

ትርሲት፦ ሻምበል፣ ሰዎቹ በልተው ሊመለሱ ነው። አዳራሹ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የኛ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ሠርግ ይዞታል። ዛሬ ካልተቀዳ መቼ ሊቀዳ ነው?

ግዛቸው፦ አይቀዳ። አርባ ስድስት ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ፤ ማን ሞተ?

ትርሲት፦ ያንን ሳጥን ስንቴ እንዳስከፈቱኝ ረሱት? አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ፒያኖ ያስተምሩኝ ብዬ ስመጣ ቢጫ የሆነውን ኖታ አውጥተው "ይቺን አንብቢ" ይሉኛል። ጣቴ እንኳ አይደርስም ነበር።

ግዛቸው፦ አሁን ደረሰ። ደርሶም አየሁት፣ ተመስገን። ደክሞኛል።

ትርሲት፦ እንግዲያው እዚያ ሶፋ ላይ ጋደም ይበሉ። ግማሽ ሰዓት እንጠብቅዎታለን።

ግዛቸው፦ ጋደም ብለው የሚለቅ ድካም አይደለም። ዛሬ ያመጣኝ ባለታክሲ ማን እንደሆንኩ ሲያውቅ ምን አደረገ መሰለሽ? ታንጎዬን ማንጎራጎር ጀመረ። መንገዱን ሙሉ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው፤ ከአያቱ ይሆናል የሰማው። ወዴት ነው ሲለኝ ሙዚቃ ላስቀዳ አልኩት። "ሌላም አለዎት እንዴ?" አይለኝም!

ትርሲት፦ ምን አሉት?

ግዛቸው፦ ወራጅ አለ አልኩት።

ትርሲት፦ ለዚያ ልጅ ጥያቄ መልሱ እኮ ይሄ የቀረን ክፍል ነው።

ግዛቸው፦ ድክመት አለበት፣ ትርሲት። ወጣት ሆኜ የጻፍኩት ነው። ይንዛዛል። ሰው ይሰለቸዋል።

ትርሲት፦ ባለፈው ወር ቤትዎ ቁጭ ብለን ስናየው አንዲት ነጥብ አላስነኩኝም። እንደውም "ከዚህ ላይ አንድ ነገር ብትቀንሺ ደጄን እንዳትረግጪ" ነበር ያሉት።

ግዛቸው፦ ሰው ሐሳቡን አይቀይርም?

ትርሲት፦ ሰው ይቀይራል፤ እርስዎ አይቀይሩም። ማክሰኞ ዕለት ዘላለም ቼሎውን ሲጫወት በእግሩ ወለሉን ቢመታ፣ ልጁን ከነቼሎው ሊያስወጡት ምንም አልቀረዎት። ድምፅ ቀራጩ ራሱ ደንግጦ መሣሪያውን አጠፋ።

ግዛቸው፦ ታዲያስ! ይሄ ተቀምጠው የሚሰሙት ሙዚቃ ነው። እኔ ዕድሜዬን ለሰው እግር ስጫወት የኖርኩ ነኝ። በአሥራ አራት ዓመቴ የጦር ሠራዊት ባንድ ገባሁ፣ አኮርዲዮን አሸከሙኝ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መኮንኖች ክበብ ታንጎ። እነሱ ሚስቶቻቸውን አቅፈው ሲዞሩ እኔ ግድግዳ ሥር ላቤ ይንጠፈጠፋል። ታንጎውን እኔ ነኝ የጻፍኩት ብልም የሚሰማኝ አልነበረም። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ አልሰማኝም። ይሄን ስጽፍ የተመኘሁት አንድ ነገር ነው፤ እግር እንዳይገባበት።

ትርሲት፦ እሱን ስለማውቅ ነው የማላምንዎት። ይሄን ያህል ዘመን የተመኘውን ነገር ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ይቅር አይልም። ምን ሆነዋል?

ግዛቸው፦ ምንም አልሆንኩም።

ትርሲት፦ ትናንት ይሄንኑ ክፍል ለሙከራ ተጫውተንልዎት ነበር።

ግዛቸው፦ አዎ። ጥሩ ነበር።

ትርሲት፦ የሶፎንያስ ቫዮሊንስ?

ግዛቸው፦ ጎበዝ ልጅ ነው። በተለይ መጨረሻዋን አሳመራት። ነገርኩት እኮ።

ትርሲት፦ ሻምበል፣ መጨረሻዋን ሶፎንያስ አልተጫወታትም። ቀጭኗ ክር ተበጥሳበት ቀስቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ራስዎን ይነቀንቁ ነበር።

ግዛቸው፦ ማን ማን አየ?

ትርሲት፦ ሁላችንም። በኋላ ሶፎንያስን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "ሳልጫወት ነው ያመሰገኑኝ" አለኝ።

ግዛቸው፦ መጀመሪያ ወፎቹ ናቸው የጠፉት። ግቢዬ ያለው ጥድ ላይ ጠዋት ጠዋት ይንጫጩ ነበር። ዘንድሮ ወፎቹ ሄዱ ብዬ ለጎረቤቴ ነገርኳት፤ "ይኸው ይንጫጩ የለም እንዴ?" አለችኝ። ቼሎው ድምፁ ወፍራም ነው፣ ይሰማኛል። የአንቺም ግራ እጅ ይሰማኛል። ከዚያ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ግን የለም። የጆሮ መስሚያ መርጃ ተገዛልኝ፤ ቫዮሊኑን የቆርቆሮ ጩኸት አደረገብኝ፣ አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ትርሲት፦ ለምን አልነገሩኝም?

ግዛቸው፦ አፍሬ። የዚያ ክፍል መጨረሻ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቼሎው ከታች አንዱን ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ እናንተ ዝም ትላላችሁ፣ ቫዮሊኑ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል። ሌላውን ሁሉ የጻፍኩት እዚያች ቦታ ለመድረስ ነው። አሁን እናንተ ስትሰሙት እኔ የቼሎ ጉርምርምታ ይዤ ልቀመጥ? ከዚያ ተነስቼ ጥሩ ነው ልበል? ትናንት ብዬ ተዋረድኩ እኮ።

ትርሲት፦ እኔ ልስማልዎት።

ግዛቸው፦ አንቺ ትሰሚያለሽ፤ ለራስሽ። በኔ ስም የሚወጣ ነገር መንገድ ላይ ቢስት፣ የሳተበትን ቦታ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ሙዚቃውማ እዚህ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፣ ከዳር እስከ ዳር። እናንተ የት እንደደረሳችሁ ነው የሚጠፋብኝ።

ትርሲት፦ ያኔ መኮንኖች ክበብ ውስጥ ግን ከኋላዎ ጥሩምባ፣ ከጎንዎ ከበሮ። የራስዎን አኮርዲዮን እንኳ እንደማይሰሙት አጫውተውኛል።

ግዛቸው፦ እውነት ነው። ምንም አልሰማም ነበር።

ትርሲት፦ ታዲያ መሳት አለመሳትዎን በምን ያውቁ ነበር?

ግዛቸው፦ በእግራቸው። ታንጎ ሲበላሽ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እግር ነው። አንዱ መኮንን ተረከዙ ከወለሉ ሲዘገይ ካየሁ፣ ከበሮ መቺውን በክርኔ እጎሽመዋለሁ።

ትርሲት፦ ትናንት ዓይንዎን ባይጨፍኑ ኖሮ፣ የሶፎንያስ እጅ መቆሙን ያዩት ነበር።

ግዛቸው፦ እጁንስ አየሁት እንበል። ሌሎቻችሁ የት እንዳላችሁ በምን ልወቅ? እግር አይታይ፤ የከለከልኩት ራሴ ነኝ።

ትርሲት፦ ቢፈቅዱም ቀራጩ እሺ አይልም። ማይክሮፎኑ የጫማ ኮቴ ይለቅማል፤ ማክሰኞም የዘላለምን አንድ ምት ለማጥፋት ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀ።

ግዛቸው፦ አየሽ። ይቅር ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ትርሲት፦ እሺ ሻምበል። እኔም ከዚህ በላይ አላስቸግርዎትም፤ እኔም ደክሞኛል። ይኸው እየገቡ ነው፤ እነግራቸዋለሁ። ታክሲውን ልጥራ?

ግዛቸው፦ ቆይ። መጀመሪያ ወንበሬን ከሶፎንያስ ፊት ለፊት አዙሪልኝ። ከዚያ ሁሉም ጫማቸውን ያውልቁና በካልሲ እግራቸው ምቱን ይምቱ። ማይክሮፎኑ አይሰማቸውም፤ እኔ አያቸዋለሁ።